በኢንተርኔት የተላከ ክፍያን መቀበል፦ የህንድ፣ የቱርክና የኬንያ ንጽጽራዊ ዳሰሳ

አጽሕሮተ ጥናት

የኢንተርኔት ገንዘብ ማስተላለፊያ አገልግሎቶች ድንበር የማያግዳቸው ተደርገው ቢታዩም፣ ክፍያ የመቀበል ዕድል ከአገር አገር ይለያያል። ይህ ጽሑፍ ፔይፓልን ማሳያ በማድረግ ሦስት አገሮችን ያነጻጽራል። ልዩነቱ ከቴክኖሎጂ አቅም ይልቅ ከውጭ ምንዛሪ ሕግ፣ ከሥራ ፈቃድና ገንዘቡ ለተቀባዩ ከሚደርስበት መንገድ እንደሚመነጭ ያመለክታል። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. መግቢያ

መላክና መቀበል የአንድ ተግባር ሁለት ገጽታዎች ይመስላሉ፤ በአሠራር ግን እኩል አይደሉም። ደንበኛው በባንክ ካርድ ሲከፍል ማንነቱን አስቀድሞ ያጣራው ካርዱን የሰጠው ባንክ ነው። ተቀባይን ማስተናገድ ግን ለአገልግሎት ሰጪው ተጨማሪ ግዴታ ያስከትላል፦ የሌላ ሰው ገንዘብ ይይዛል፣ የተቀባዩን ማንነት ያረጋግጣል፣ በአገሩ የሚከፍልበትንም መንገድ ያዘጋጃል። በተጨማሪም ገዥው አቤቱታ ካቀረበ ክፍያው ሊመለስ ይችላል፤ በፔይፓል አሠራር ይህ ጊዜ እስከ 180 ቀን ይዘልቃል። ተቀባዩ ገንዘቡን አስቀድሞ ካወጣው ኪሳራው በአገልግሎት ሰጪው ላይ ሊወድቅ ይችላል። የዚህ አለመመጣጠን ጉልህ ማሳያ ናይጄሪያ ናት፤ ፔይፓል በ2014 ሲገባ ደንበኞቹ እንዲከፍሉ እንጂ ክፍያ እንዲቀበሉ አላስቻለም ነበር።

2. ህንድ፦ በገደብ መቀበል

የህንድ ማዕከላዊ ባንክ በኅዳር 2010 ባወጣው መመሪያ፣ በእነዚህ አገልግሎቶች በኩል የሚሰበሰብ የወጪ ንግድ ገቢ በአንድ ግብይት ከ500 ዶላር እንዳይበልጥ ወሰነ። ገደቡ በኋላ ከፍ እየተደረገ በ2013 10,000 ዶላር ደርሷል። ከገንዘቡ መጠን ይልቅ አስተማሪ የሆነው ግን ሌላው ድንጋጌ ነው፦ የተሰበሰበው ገንዘብ በአገልግሎቱ ውስጥ እንዲከማች አይፈቀድም ነበር፤ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ወደ ተቀባዩ የአገር ውስጥ ባንክ ሒሳብ መግባት ነበረበት። በዚህም መንግሥት መቀበልን ሳይከለክል የውጭ ምንዛሪው በባንኮች በኩል እንዲያልፍ አድርጓል።

3. ቱርክ፦ የፈቃድ መከልከል

ቱርክ በ2013 ያወጣችው የክፍያ አገልግሎት ሕግ ኩባንያዎች ፈቃድ እንዲያወጡና የመረጃ ሥርዓታቸውን በአገር ውስጥ እንዲያኖሩ ግዴታ ጣለ። ፔይፓል የመረጃ ሥርዓቱን በልዩ ልዩ አገሮች ባሉ ማዕከላት ያንቀሳቅስ ስለነበር ፈቃዱን አላገኘም፤ በሰኔ 2016ም በአገሪቱ ሥራውን አቆመ። ደንበኞች በሒሳባቸው የቀረውን ገንዘብ ወደ ባንክ ማዛወር ቢችሉም፣ ሽያጫቸውን በዚህ መንገድ የመሠረቱ አነስተኛ ነጋዴዎች ከውጭ ደንበኞቻቸው ጋር የነበራቸው የክፍያ መስመር ተቋርጧል። ይህ ሁኔታ እንደሚያሳየው የመቀበል ዕድል በምንዛሪ ሕግ ብቻ ሳይሆን በመረጃ ሉዓላዊነት ጥያቄም ሊዘጋ ይችላል።

4. ኬንያ፦ የመጨረሻው እርምጃ

ሳፋሪኮም በ2007 የጀመረው ኤምፔሳ የባንክ ሒሳብ ለሌለው ሰው ጭምር ገንዘብን በስልክ ማስቀመጥና ማስተላለፍ አስችሏል። በ2018 ኤምፔሳ ከፔይፓል ጋር ሲተሳሰር፣ ከውጭ በዶላር የተከፈለ ገንዘብ ወደ ሽልንግ ተቀይሮ በቀጥታ ወደ ተቀባዩ ስልክ መግባት ጀመረ። ትስስሩ አዲስ የመላኪያ ቴክኖሎጂ አልፈለሰፈም፤ የጎደለውን የመጨረሻ እርምጃ ሞላ እንጂ። ይሁን እንጂ ምንዛሪው የሚሰላው በአገልግሎቱ ተመን ስለሆነ፣ በይፋዊው ተመንና በዚህ መካከል ያለውን ልዩነት የሚሸከመው ተቀባዩ ነው።

5. ውይይት

ከሦስቱ አገሮች ልምድ ሦስት ቅድመ ሁኔታዎች ይነጠራሉ፦ የታወቀ የምንዛሪ ሥርዓት፣ ሊሟላ የሚችል የፈቃድ መስፈርትና አስተማማኝ የአገር ውስጥ መክፈያ። ለኢትዮጵያ ይህ ንጽጽር ቀጥተኛ ትርጉም አለው። ቴሌብር በ2021፣ ኤምፔሳ ኢትዮጵያ ደግሞ በ2023 ሥራ በመጀመራቸው ሦስተኛው ቅድመ ሁኔታ መሠረት ይዟል። በሐምሌ 2024 የተደረገው የውጭ ምንዛሪ ማሻሻያም የመጀመሪያውን ለውጦታል። ስለሆነም የቀሪው ጥያቄ ክብደት በሁለተኛው፣ ማለትም በፈቃድና በቁጥጥር ላይ ያርፋል።

ጉዳዩ የምቾት ብቻ አይደለም። ቀጥተኛ መንገድ ያጣ ተርጓሚ ወይም የሶፍትዌር ባለሙያ የድካሙን ዋጋ በውጭ አገር በሚኖር ዘመድ ስም ለመቀበል ሊገደድ ይችላል። ያን ጊዜ ገቢው በስሙ አይመዘገብም፤ ለብድር ማስረጃ አይሆነውም፤ አለመግባባት ቢነሣም የሚሟገትበት ሰነድ አይኖረውም። አገርም በሕጋዊ መንገድ ልታገኘው የምትችለውን የውጭ ምንዛሪ ታጣለች።

6. መደምደሚያ

የመቀበል ዕድል መኖር ወይም አለመኖር የአንድ ኩባንያ ውሳኔ ብቻ ሳይሆን የሕግና የተቋማት ውጤት ነው። የህንድ ልምድ ቁጥጥርና መቀበል አብረው መሄድ እንደሚችሉ፣ የቱርክ ደግሞ የመስፈርት ጥብቀት ዋጋ እንደሚያስከፍል ያሳያል። ቀጣይ ጥናቶች ከተቀባዩ ወገን ቢነሡ፣ በተለይም ከተላከው ገንዘብ ውስጥ በክፍያና በምንዛሪ ልዩነት የሚቀረውን መጠን በአገሮች መካከል ቢለኩ፣ ለፖሊሲ አውጪዎች የተሻለ መነሻ ያስገኛሉ።