ቤትን ከሌባ መጠበቅ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ልጆች፣ ዛሬ የምንማረው ቤታችንንና ቤተሰባችንን ከሌባ ስለ መጠበቅ ነው። “ይህ የአባትና የእናት ሥራ እንጂ የእኛ አይደለም” እንዳትሉ፣ አስቀድሜ በእኔ የደረሰውን ልንገራችሁ።

የአሥር ዓመት ልጅ ሳለሁ አባቴ ጤፍ ሸጦ ያመጣውን ገንዘብ በጨርቅ ቋጥሮ ከጎታው ሥር ሲያስቀምጥ አየሁ። በማግስቱ ከብት ስጠብቅ አንድ የማላውቀው ሰው መጣ። ቆሎ ዘገነልኝና “ጎበዝ ልጅ ነህ” እያለ ያጫውተኝ ጀመር። እኔም ትልቅ ሰው የሆንሁ መስሎኝ ገንዘቡ የት እንዳለ፣ ታኅሣሥ 28 ቀንም ለአማኑኤል በዓል ሁላችንም በሌሊት ቤተ ክርስቲያን እንደምንሄድ ነገርሁት።

በበዓሉ ቀን ከቅዳሴ ስንመለስ በሩ እንደ ተዘጋ ነው። የጓሮው ግድግዳ ግን ተቦርቡሮ ሰው የሚያሳልፍ ቀዳዳ ተከፍቶበታል። ሌባው ሌላ ዕቃ አልነካም፤ የሄደው በቀጥታ ወደ ጎታው ነበር። አባቴ ዕዳውን ለመክፈል አንዱን በሬ ሸጠ፤ በዚያ ዓመት ያረሰው ከጎረቤት ጋር ተቀናጅቶ ነው። እኔ ሦስት ቀን ዝም አልሁ። በሦስተኛው ቀን አባቴ የጎረቤታችንን እረኛ ልጅ ሲጠረጥር ሰማሁና እያለቀስሁ ሁሉንም ተናገርሁ። አባቴም አልመታኝም፤ “ዝም ብትል ኖሮ በንጹሕ ልጅ ላይ ኃጢአት ልሠራ ነበር” አለኝ።

ልጆች፣ ጌታችን ሌቦች ግድግዳ ቆፍረው እንደሚገቡ ተናግሯል (ማቴ. 6፥19)። የብዙ ሰው ቤት እንደ እኛው የጭቃ ነበርና ሰሚዎቹ ነገሩን ያውቁታል። ባለቤቱ ሌባው የሚመጣበትን ሰዓት ቢያውቅ ኖሮ ነቅቶ ይጠብቅ እንደ ነበርም አስተምሯል (ማቴ. 24፥43)።

“ግድግዳው ጽኑ ቢሆንስ?” ትሉ ይሆናል። በላሊበላ ያለው ቤተ መድኃኔ ዓለም ከዐለት የተፈለፈለ ነው። ሆኖም “አፍሮ አይገባ” የተባለው የወርቅ መስቀል በ1989 ዓ.ም. ከዚያ ተሰረቀ። ባሕር ተሻግሮ ቤልጅየም አገር ተገኘና በ2001 እ.ኤ.አ. ተመለሰ። እንግዲህ ዐለትም ቢሆን የሰው ትጋት ካልታከለበት ብቻውን አይጠብቅም።

ስለዚህ እናንተ የሚከተለውን አድርጉ፦

1ኛ. ገንዘብና ቁልፍ የሚቀመጥበትን ቦታ፣ ቤተሰቡ የሚወጣበትንም ቀን ለማንም አትንገሩ። መንገደኛ ውኃ ቢለምናችሁ ስጡት፤ ስለ ቤታችሁ ቢጠይቃችሁ ግን “አባቴን ይጠይቁት” በሉ።

2ኛ. ሲመሽ መቀርቀሪያው መግባቱን እዩ። ዶማ፣ መጥረቢያና መሰላል ደጅ አይደር፤ ሌባ የሚቆፍረው ብዙ ጊዜ በባለቤቱ ዶማ ነው።

3ኛ. ለበዓል ወይም ለልቅሶ ስትሄዱ አንድ ሰው ቤት ይቅር፤ ካልሆነም ለጎረቤት አደራ በሉ። እነርሱ ሲሄዱ ደግሞ እናንተ ጠብቁላቸው።

4ኛ. ውሻችሁን አታስርቡት። እኔ በቆሎ ተማሪነቴ ብዙ ውሻ አባሮኛል። የተራበው በቁራሽ እንጀራ ዝም ይላል፤ በቤቱ የጠገበው ግን እንዲህ በቀላሉ አይታለልም።

5ኛ. ሌሊት ኮሽታ ብትሰሙ ብቻችሁን አትውጡ፤ ወላጆቻችሁን ቀስቅሱ፣ ጎረቤት እንዲደርስም ጩኹ። ሌባውን ልያዝ አትበሉ። ገንዘብ ተሠርቶ ይተካል፤ ነፍስ ግን አትተካም።

6ኛ. ከተሰረቀ በኋላ ፖሊስ እስኪመጣ ድረስ ዕቃ አትንኩ፤ የሌባው አሻራ ሊጠፋ ይችላልና። ያላያችሁትን ሰው “እርሱ ነው” አትበሉ። የተያዘም ቢሆን ለሕግ ይሰጥ እንጂ አይደብደብ።

እንደ እኔ ተሳስታችሁ ብትናገሩ ግን አትደብቁ። ሳይመሽ ለወላጆቻችሁ ንገሩ፤ ገንዘቡን ወደ ሌላ ቦታ ለማዛወር ጊዜ ይኖራቸዋል። እኔ ያን ቀን ማታ ተናግሬ ቢሆን ኖሮ በሬው ባልተሸጠ ነበር።

ጥያቄዎች

1. ሌባው ገንዘቡ ያለበትን ቦታ እንዴት አወቀ?
2. ልጁ ዝም ቢል ኖሮ ማን ይጎዳ ነበር?
3. ዛሬ ማታ በቤታችሁ ዙሪያ ምን ምን ታያላችሁ?

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።