የጎረቤት ብስክሌት በእንግዳ እጅ

በዘነበወርቅ፣ ከአለርት ሆስፒታል አጥር ብዙ በማይርቅ የመንደር ውስጥ መንገድ በምኖርበት ዘመን፣ ጎረቤቴ የነበሩ አንድ አዛውንት የሌሊት ዘበኛ ማታ ወደ ሥራ ሲወጡና ጠዋት ወደ ቤት ሲመለሱ የሚነዷት አንዲት ጥቁር ፊኒክስ ብስክሌት ነበረቻቸው፤ እርሷም አንድ ቀን፣ ሽማግሌው ከሌሊት ሥራ ገብተው ጋደም ባሉበት ሰዓት፣ ከቆርቆሮው አጥር ሥር ከቆመችበት ጠፋች። ከሦስት ወር በኋላ እኔ ወደ አየር ጤና በሚወስደው መንገድ ዳር ከአንድ ጎሚስታ ደጃፍ ቆሜ ሳለሁ፣ ያችኑ የምትመስል ብስክሌት፣ አንድ የማላውቀው ወጣት ሁለት ቢጫ ጀሪካን ከኋላዋ ጭኖ ሲገፋት አየሁ። ደሜ ፈላ፤ «ሌባ!» የሚለውም ቃል ከጉሮሮዬ ደርሶ ነበር። ያን ቃል ሳላወጣው በመቅረቴ እግዚአብሔርን ዛሬም አመሰግነዋለሁ፤ የተሰረቀ የሚመስል ንብረት በሌላ ሰው እጅ ያየ ሰው በዚያች ቅጽበት ሁለት ዕዳ አለበትና፤ አንዱ ንብረቱ ለጠፋበት ባለቤት፣ ሁለተኛው ጥፋቱ ገና ላልታወቀበት ለዚያ ለሚነዳው ሰው።

የመጀመሪያው ዕዳ በኦሪት ዘዳግም በ22ኛው ምዕራፍ የተደነገገ ነው፤ የወንድሙ በሬ ወይም በግ ባዝኖ ያየ ሰው እንዳላየ ሆኖ እንዳያልፍ፣ ባለቤቱም ሩቅ ወይም ያልታወቀ ቢሆን እስኪፈልገው ድረስ በቤቱ እንዲያቆይለት፣ ስለ ልብስና ስለ ጠፋ ነገር ሁሉም እንዲሁ እንዲያደርግ ሕጉ ያዛል። እንግዲህ «ምን አገባኝ» ማለት በሰው ዘንድ ጨዋነት ሆኖ ቢቆጠር እንኳ በኦሪቱ ሚዛን በደል ነው። ለአንድ ዘበኛ ብስክሌት ማለት በየቀኑ የታክሲ ሒሳብ መትረፍ፣ ታክሲ በሚጠፋበት ሰዓትም ያለ ስጋት ከቤት መድረስ ነውና፣ የእርሷ መጥፋት ከጓዳው እንጀራ ያጎድላል።

ሁለተኛው ዕዳ ግን ይረሳል። በከተማችን «ሌባ!» የሚል ድምፅ በተሰማ ጊዜ፣ ማን እንደ ጮኸና ስለ ምን እንደ ጮኸ ሳይጠይቅ የሚሮጥ፣ ድንጋይም የሚያነሣ ብዙ ነው፤ የተመታው ሰው ንጹሕ መሆኑ በማግሥቱ ቢታወቅም፣ የመታው እጅ የብዙዎች ስለ ሆነ የሚጠየቅ አይገኝም። አባቶቻችን ሌባን ለመፈለግ ባወጡት ሥርዓት ውስጥ ይህ ፈተና ከጥንት የታወቀ ነው። አውጫጭኝ በሚባለው ሥርዓት የአገሩ ሰው በአንድ ሜዳ ተሰብስቦ፣ ጥፋተኛው እስኪጠቆም ድረስ ወደ ቤቱ እንዳይመለስ ተከልክሎ ይውል ነበር፤ ምንም አስጨናቂ ቢሆን ግን ነገሩ የሚታየው ሰው ሁሉ በተቀመጠበት ሸንጎ ነበር። ሌባሻይ የተባለው ከዚህ ይከፋል፤ አንድ ልጅ አእምሮ የሚያናውጥ መድኃኒት ጠጥቶ፣ በወገቡ ገመድ ታስሮ እየተንገዳገደ ይሄድና፣ ከቤቱ ገብቶ የወደቀበት ሰው ሌባ ተብሎ ዕዳ ይከፍል ነበር። ይህ ልማድ በ20ኛው መቶ ዓመት በመንግሥት ተከልክሎ ቀርቷል፤ ነገር ግን ያለ ማስረጃ በመንገድ ላይ የሚጮኽ ሰው፣ መድኃኒቱን ሳይጠጣ የሌባሻይን ሥራ ይሠራል ብዬ አምናለሁ።

ይህን ነገር ከዘነበወርቅ ሆኖ ማሰብ የተለየ ክብደት አለው። ሰፈሩ ስሙን የወሰደው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልጅ በልዕልት ዘነበወርቅ ስም ከተጠራው የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ነው፤ በ1958 ዓ.ም. አለርት የተመሠረተውም በዚሁ ሥፍራ ነው። ከሩቅ አገር ለሕክምና የመጡት ሕሙማን፣ የትውልድ መንደራቸው መልሶ ስላልተቀበላቸው፣ በሆስፒታሉ ዙሪያ ጎጆ ቀልሰው ኖሩ፤ ወለዱ፣ ከበዱ። እነዚህ ሰዎች ጣታቸውና ፊታቸው ታይቶ የተፈረደባቸው፣ ምንም ሳያጠፉ ከማዕድና ከማኅበር የተለዩ ነበሩ። ጥቅምት 14 ቀን የሚታሰበው ቅዱስ ገብረ ክርስቶስም የንጉሥ ልጅ ሆኖ ሳለ በአባቱ ደጅ እንደ ለማኝ ወድቆ ሲኖር የገዛ ቤተ ሰቡ እንኳ አላወቀውም። ዓይን ያየውና እውነቱ ሊለያዩ እንደሚችሉ እንዲህ ያለው ሰፈር ከማንም ይልቅ ያውቃል።

እንግዲህ በእውነት የሚያጠራጥረው ምንድን ነው? ልጅ ለቁመቱ የማይመጥን ትልቅ ብስክሌት መንዳቱ ምልክት አይሆንም፤ ብስክሌት በሰዓትና በዙር የሚያከራዩ ሰዎች በየሰፈሩ አሉና፣ እግሩ ከፔዳሉ የማይደርስ ልጅ ሁሉ ሊጠረጠር አይገባም። የነጂው ልብስ ማደፍ ግን ፈጽሞ ከአእምሮ ሊፋቅ የሚገባው ምልክት ነው፤ ከእርሱ የበለጠ ሐሰተኛ ምስክር አላውቅም። የሚያጠራጥረው ነገር ከብስክሌቷና ከንግዱ ላይ ይፈለጋል። ሁለቱ ፔዳሎች በሚገናኙበት በአካሏ ሥር፣ በብረቱ ላይ ተቀርጾ የሚገኘው ቁጥር በሞረድ ተፍቆ ወይም በቀለም ተደፍኖ ሲታይ፤ ገና አዲስ የሆነ ብረት በችኮላ በብሩሽ ተቀብቶ ቀለሙ ጎማውንና ካቴናውን ጭምር ሲነካ፤ የተቆረጠ የሰንሰለት ቁልፍ ተንጠልጥሎ ሲቀር፤ ሻጩ ዋጋውን ከገበያው በግማሽ አውርዶ ሲቸኩል፣ ከየት እንዳመጣት ሲጠየቅም ቃሉ ሲለዋወጥ፣ ያን ጊዜ ልብ ማለት ይገባል። ከእነዚህ አንዱ ብቻውን ከጥርጣሬ አያልፍም፤ ሁለት ሦስቱ ሲገጣጠሙ ግን ዝም ማለት አይገባም።

እኔ በዚያን ቀን ብስክሌቷን ሳልነካ፣ ወጣቱንም ሳላስቆም፣ ሰዓቱንና ቦታውን፣ የመሪዋን መጣመም፣ የኮርቻዋን መቀደድ፣ ወጣቱም ጀሪካኑን ይዞ ከየትኛው ግቢ እንደ ገባ ልብ ብዬ አይቼ በወረቀት ጻፍሁ፤ ከዚያም ለሌላ ለማንም ሳልናገር ወደ ሽማግሌው ሄድሁ። ለመንደሩ ሁሉ ማውራት ሐሜት ነው፤ ለባለቤቱ መንገር ግን ምስክርነት ነው። ባለቤቱ ባይታወቅ ኖሮ በቅርብ ወዳለው ፖሊስ ጣቢያ መሄድ ወይም በነፃው መስመር በ991 መደወል ይበቃ ነበር፤ በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ሥነ ሥርዓት፣ ወንጀሉ ሲሠራ በዓይኑ ያላየ ሰው እንኳ እንዲያመለክት ይፈቅዳልና።

ሌባው ሲሰርቅ እጅ ከፍንጅ የታየ እንደ ሆነ ነገሩ ይለያል። እንዲህ ያለውን ማንኛውም ሰው ይዞ ሳይዘገይ ለፖሊስ ሊያስረክብ ይችላል፤ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም፣ ንብረቱ በጉልበት ወይም በስውር የተወሰደበት ሰው ወሳጁን በዚያው ሲሸሽ ደርሶ እንዲያስለቅቀው ይፈቅድለታል፣ ነገሩ ከሚጠይቀው በላይ ኃይል እንዳይጠቀም ግን ይከለክለዋል። «በዚያው» የሚለው ቃል ሊጤን ይገባል፤ ከሦስት ወር በኋላ በመንገድ ላይ መንጠቅ ከዚህ ፈቃድ ውጭ ነው።

ከሽማግሌው ጋር ወደ ጣቢያ ሄድን፤ ወጣቱም ተጠርቶ ከነብስክሌቷ መጣ። መርማሪው ቁጥሯ ስንት እንደ ሆነ ሽማግሌውን ቢጠይቃቸው፣ ለዐሥራ አንድ ዓመት የነዷት ብስክሌት ቁጥር እንዳላት እንኳ አያውቁም ነበር። «ልጄን ሳየው አውቀዋለሁ እንጂ ቁጥር እጠይቀዋለሁ ወይ?» አሉ። ወጣቱም በበኩሉ እንባ እየተናነቀው «አባባ፣ እኔ በላቤ ነው የገዛኋት» አላቸው፤ በቀን ሥራ ያጠራቀመውን ገንዘብ ለአንድ መንገደኛ ሰጥቶ፣ ወረቀት ሳይቀበል ነበር የገዛት። ነገሩን የፈታው ከመሪው ሥር አካሏ ተሰንጥቆ ሽማግሌው ያስበየዱት ጠባሳ ነው፤ በያጁ ተጠርቶ መጣና የእጁን ሥራ አወቀ።

ብስክሌቷ ለሽማግሌው ተመለሰች። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን፣ ንብረቱ የተሰረቀበት ሰው በቅን ልቡና ከገዛው ሰው እጅ እንኳ መልሶ ሊጠይቅ ይችላል፤ ገዢው ደግሞ ገንዘቡን ከሸጠለት ሰው ይጠይቃል። ሻጩ ግን ከየት ይገኛል? ወጣቱ የተሰጠውን ስልክ በፊታችን ደጋግሞ ቢደውል የሚያነሣ አልነበረም። በዚያ ላይ የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በ682ኛው አንቀጽ፣ የተሰረቀ መሆኑን እያወቀ የገዛውን ብቻ ሳይሆን ሊያውቅ ሲገባው የገዛውንም፣ በመያዣ የተቀበለውንም፣ የሸሸገውንም፣ ያሻሻጠውንም ይቀጣልና፣ መርማሪው ቅንነቱን ባያምንለት ኖሮ በገንዘቡ ላይ ነፃነቱንም ባጣ ነበር። የዚያን ልጅ ፊት እስከ ዛሬ አልረሳሁትም፤ በዚያች ጠዋት ጮኼ ቢሆን ኖሮ እያልሁ ሌሊት የነቃሁበት ጊዜ አለ።

በገጠር ከብት የሚገዛ አባወራ ሻጩን «ዋስ ጥራ» የሚለው እንዲህ ካለው መከራ ለመዳን ነው። ብስክሌት የሚገዛ ሰውም የሻጩን መታወቂያ ይይ፤ ቁጥሯ የተጻፈበት ውል በምስክሮች ፊት ይፈራረም፤ ይህን የሚሸሽ ሻጭ ቢያጋጥመው ገንዘቡን ኪሱ ውስጥ ይተወው። በጃፓን ከ1994 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ባለ ብስክሌት ሁሉ ቁጥሯን እንዲያስመዘግብ ሕግ ያዛል፤ ባለቤቷ የጠፋ ብስክሌት ስትገኝ ከዚያ መዝገብ ይታያል። እንዲህ ያለ መዝገብ ማንም ሰው በቤቱ ሊጀምረው ይችላል።

ሽማግሌው ከጣቢያ በተመለሱ ማግሥት ብስክሌቷን በግቢያቸው ውስጥ ገለበጧት፤ የዓመታቱን ጭቃ በጋዝ በነከሩት ጨርቅ ከጠረጉ በኋላ፣ የልጅ ልጃቸው ተንበርክካ ቁጥሩን አንድ በአንድ ስታነብላቸው፣ እርሳቸው አባቶቻችን የርስታቸውንና የጉልታቸውን ነገር በወንጌሉ ባዶ ገጽ ያሰፍሩ እንደ ነበረ፣ በዳዊታቸው መጨረሻ ገጽ ላይ ጻፉት።