የቴክኒክ ጥያቄ አጠያየቅ ሥርዓት

በአሶሳ የሚማር አንድ ተማሪ ስለ አካባቢው ማንጎ በአማርኛ ያዘጋጀውን የጥናት ጽሑፍ በሌላ ኮምፒውተር ቢከፍተው ሊነበብ አልቻለም እንበል። ተማሪው በኢንተርኔት ለሚገኙ የሙያው አዋቂዎች «አማርኛው አልሠራ አለኝ፤ በአስቸኳይ እርዱኝ» ብሎ ቢጽፍ ምን መልስ ያገኛል? ምናልባት ምንም። «አመመኝ» ብሎ ዝም ላለ ሕመምተኛ ሐኪም መድኃኒት ሊያዝለት አይችልምና።

ዝርዝር መግለጫ ለምን እንደሚያስፈልግ ከዚሁ ምሳሌ እንረዳ። በፊደላቱ ምትክ ባዶ አራት ማዕዘኖች ከታዩ፣ ብዙውን ጊዜ ጽሑፉ በዩኒኮድ ተጽፎ ሳለ ኮምፒውተሩ የግዕዝ ፊደላት ቅርጽ ያለው ፎንት የለውም ማለት ነው። ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደላት ከታዩ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የግዕዝ ፊደላት የየራሳቸውን መለያ ቁጥር ያገኙት እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩ በርካታ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች ቅርጾቹን ያስቀምጡ የነበረው በላቲን ፊደላት ቁጥሮች ላይ ስለሆነ፣ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር የሚታየው ላቲኑ ነው። የመጀመሪያው ችግር የግዕዝ ዩኒኮድ ፎንት በመጫን ይቃለላል። ሁለተኛው ግን ጽሑፉ የተጻፈበትን ያንኑ ፎንት ማግኘትን፣ አለበለዚያም ጽሑፉን ወደ ዩኒኮድ መለወጥን ይጠይቃል። «አልሠራ አለኝ» የሚለው አነጋገር ሁለቱን አይለይም።

ስለዚህ አዲስ ጠያቂ የሚከተሉትን ልብ ሊል ይገባዋል፦

1. ከመጠየቅ በፊት ጥያቄው ቀደም ሲል ተጠይቆ እንደሆነ መፈለግ።
2. ርእሱን ገላጭ ማድረግ። «እርዱኝ» ከማለት «የአማርኛ ሰነድ በሊኑክስ ሲከፈት ባዶ አራት ማዕዘን ያሳያል» ማለት ይሻላል።
3. የፕሮግራሙን ስምና እትም፣ የስሕተት መልእክቱን ቃል በቃል፣ እንዲሁም እስካሁን የተሞከረውን መግለጽ።
4. መልስ ሰጪዎቹ አብዛኛውን ጊዜ ያለ ክፍያ የሚረዱ መሆናቸውን አለመዘንጋት፤ አለማጣደፍ፣ አንዱንም ጥያቄ በየቦታው አለመበተን።
5. መፍትሔው ሲገኝ አመስግኖ እንዴት እንደተፈታ መጻፍ፤ ነገ ያው ችግር የሚገጥመው ሌላ ተማሪ አለና።

ይህ ሥርዓት ለይሉኝታ ብቻ የሚጠበቅ አይደለም። ኮምፒውተርን በተራ ለሚጠቀም ተማሪ «ምን ታየህ?» የሚል አንድ ተመላሽ ጥያቄ የአንድ ቀን መዘግየት ሊሆን ይችላል።

መልመጃ፦ ከላይ የተጠቀሰውን ተማሪ ጥያቄ፣ መልስ ሰጪው ተመልሶ መጠየቅ እንዳያስፈልገው አድርገው በሦስት ዓረፍተ ነገር ይጻፉ።