ናዚዎች ተከታይ ያፈሩት እንዴት ነበር?

ባለፈው ሳምንት በታሪክ ክፍለ ጊዜ አንድ ጓደኛችን እጁን አውጥቶ «ጀርመኖች ያን ጊዜ አብደው ነበር እንዴ?» ሲል ጠየቀ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። ደወል ተደውሎ ስለነበር መልሱ ሳይሰጥ ቀረ። እኔን ግን ጥያቄው አልለቀቀኝምና ቤተ መጻሕፍት ገብቼ ያነበብኩትን ለውድ አንባብያን ላካፍል። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አላበዱም። በ1928 ምርጫ የናዚ ፓርቲ ያገኘው ድምፅ ከመቶ 2.6 ብቻ ነበር። በ1930 ከመቶ 18.3፣ በሐምሌ 1932 ከመቶ 37.3 ደረሰ። በምክር ቤቱም ከ12 መቀመጫ ተነሥቶ 230 ያዘ። በአራት ዓመት ውስጥ እንዲህ የሚያብድ ሕዝብ የለም። በመካከሉ የመጣው የ1929ኙ የኢኮኖሚ ቀውስ ነው፤ በ1932 መጀመሪያ የጀርመን ሥራ አጥ ቁጥር ከ6 ሚሊዮን በላይ ሆኖ ነበር።

እዚህ ላይ ብዙዎቻችን የምንሳሳትበት ነገር አለ። «ረሃብ ነዳቸው» እንላለን። የምርጫውን ውጤት ያጠኑ ሊቃውንት እንደሚያስረዱት ግን ሥራ ያጣው ወዛደር ይበልጡን ድምፁን የሰጠው ለኮሚኒስቶች ነበር። ወደ ናዚ በብዛት ያዘነበለው ባለ ትንሽ ሱቁ፣ የእጅ ባለሙያው፣ በፕሮቴስታንት አካባቢ የሚኖረው ገበሬ ነው። ማለትም ገና ያልወደቀው፣ ነገር ግን «ነገ የእኔ ተራ ነው» እያለ እንቅልፍ ያጣው። የራበው ሰው እንጀራ ስጡኝ ይላል። የፈራው ግን ጠላትህ ይኸውልህ ብሎ የሚያሳየውን ሰው ይሰማል።

ከሁሉ ያስገረመኝ የኖርትሃይም ነገር ነው። ኖርትሃይም በሰሜን ጀርመን የምትገኝ፣ በዚያ ዘመን 10 ሺህ ያህል ነዋሪ የነበራት ከተማ ናት። ዊልያም ሸሪዳን አለን የተባለ አሜሪካዊ የታሪክ ምሁር ሰዎቿን እየጠየቀ፣ መዝገቧን እያገላበጠ በ1965 መጽሐፍ አወጣ። በከተማዋ ቀድመው ናዚ ከሆኑት አንዱ መጽሐፍ ሻጭ ነበር። የተማረ፣ ደግ፣ ሰው ሁሉ የሚያከብረው። ታዲያ ብዙ ሰው የፓርቲውን ፕሮግራም መርምሮ ሳይሆን «እሱ ከገባበትማ ክፉ ሊሆን አይችልም» እያለ ተከተለ።

የስብሰባውም ዘዴ ቀላል አልነበረም። የአካባቢው ቅርንጫፍ ወጪውን ራሱ መቻል ስለነበረበት ለስብሰባ መግቢያ ያስከፍል ነበር። እንግዲህ አዳራሽ ያልሞላ ንግግር ኪሳራ ነው ማለት ነው! ሰው የወደደው ርእስ ይደገማል፣ ያልወደደው ይጣላል። ለገበሬው ስለ ዕዳው፣ ለባለ ሱቁ ገበያውን ስለሚሻሙት ትልልቅ መደብሮች ይነገረዋል። አንዱ የሰማው ተስፋ ሌላው ከሰማው ጋር ቢጋጭስ? ማን ያስተያየዋል!

ወጣቱን ደግሞ በሌላ በር ነው ያስገቡት። ሥራ አጡ በሙሉ ኮሚኒስት ሆነ አላልኩም። ኤስ ኤ የሚባለው ቡኒ ሸሚዝ ለባሽ ጓድ የራሱ መሰብሰቢያ ቢራ ቤቶችና ማደሪያዎች ነበሩት። ሥራ ያጣ ልጅ እዚያ ሾርባ ያገኛል፣ መኝታ ያገኛል፣ በስሙ የሚጠራው ሰው ያገኛል። ሸሚዙን ይለብሳል። ከዚያ ሰልፍ፣ ከዚያ ጠብ ነው። አንድ ቀን ከተቃዋሚ ጋር ከተደባደበ ወዲያ መውጣቱ ይከብደዋል፤ ጠላቶቹ ውጭ፣ ወዳጆቹ ሁሉ ውስጥ ናቸውና።

በ1934 ቴዎዶር ኤብል የተባለ የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የሶሲዮሎጂ መምህር የፓርቲው ነባር አባላት የሕይወት ታሪካቸውን ጽፈው እንዲወዳደሩ የገንዘብ ሽልማት አቀረበ። 600 ያህል ጽሑፍ ደረሰው። ስለ ጓደኝነት፣ ስለ አንድነት፣ ስለ አገር ክብር የጻፉት ብዙ ናቸው። በአይሁዶች ላይ ስላለ ጥላቻ ጨርሶ ያላነሡም ጥቂት አልነበሩም። ይህን ሳነብ እውነቱን ለመናገር ደነገጥኩ። ምክንያቱም አይሁድ የጀርመን ዜጋ ሊሆን እንደማይችል በፓርቲው የ1920 ፕሮግራም ላይ በግልጽ ተጽፏል። ለጓደኝነት ብሎ የገባው ሰው እንዳላየ ሆኖ አለፈው። ወደ 6 ሚሊዮን የሚሆኑ አይሁዶች ተገደሉ።

ወደ ሙያችን ልምጣ። በ1929 የናዚ መምህራን ማኅበርን ያቋቋመው ሃንስ ሼም ራሱ የአንደኛ ደረጃ መምህር ነበር። በቀውሱ ዓመታት መንግሥት የመምህራንን ደመወዝ ቆርጧል፣ ሠልጥነው የወጡ ወጣት መምህራንም ሥራ አጥተው ይንከራተቱ ነበር። ይህ ቅሬታ ለቅስቀሳ ተመቸ። ሂትለር ሥልጣን እንደያዘ በሚያዝያ 1933 በወጣው ሕግ አይሁድ የሆኑና ተቃዋሚ የተባሉ መምህራን ተባረሩ። በ1937 ገደማ ከመምህራኑ ከመቶ 97ቱ የማኅበሩ አባል ነበሩ። ስንቱ አምኖ፣ ስንቱ ለእንጀራው ፈርቶ እንደገባ እንለይ ብንል፣ ለልጆቹ ልዩነቱ ምኑ ላይ ነው? እነሱ የሚያዩት መምህራቸውን ነው። በ1932 መጨረሻ 100 ሺህ ያህል አባላት የነበሩት የሂትለር ወጣቶች ድርጅት በ1936 መጨረሻ ከ5 ሚሊዮን በላይ አባላት ነበሩት።

ለማስተማር ልምምድ ስንወጣ ይህ ምዕራፍ የሚደርሰው ካለ፣ ከሂትለር በፊት ከመጽሐፍ ሻጩ እንዲጀምር እመክራለሁ። ከዚያ «እናንተ ብትሆኑ ማንን አይታችሁ ትገቡ ነበር?» ብሎ ይጠይቅ። እኔ በመኝታ ክፍላችን ሞክሬዋለሁ። ከስድስታችን አራቱ አስተማሪያቸውን ጠሩ።