የእንጀራ ምድጃ ሲሰበር በምን እንደሚተካ፤ ምርጥና ጎንዚዬ ሲመዛዘኑ

«ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» የሚለው ተረት ያለ ምክንያት ስለሚደረግ ለውጥ የተነገረ ነው። ነገር ግን ጉልቻን በተዘጋ ምድጃ መለወጥ፣ ወጡን ባያጣፍጥም፣ እንጨቱን ያተርፋል፤ ጭሱን ያሳንሳል፤ ኩበቱም ከእሳት ድኖ ወደ እርሻው እንዲመለስ ያደርጋል። ስለዚህ በየወረዳው ምድጃ የሚያከፋፍሉ ሹማምንትና ብዙ ቤተ ሰብ የሚያስተዳድሩ ባለ ይዞታዎች ሁሉ ይህን ጉዳይ እንደ ትንሽ የማድ ቤት ነገር ሊቈጥሩት አይገባም። የአገር ዛፍ የሚያልቀው በምንጣሮ ብቻ ሳይሆን በየቀኑ በምጣድ ሥርም ነውና።

በአሁኑ ጊዜ በብዙ ወረዳ የሚነሣው ጥያቄ ምድጃ ይገዛ ወይስ ይቅር የሚል አይደለም፤ ቀድሞ የተገዛው ሲሰነጠቅና ሲፈርስ በምን ይተካ የሚል ነው። ለዚህ ከሚቀርቡት መካከል ሁለቱ፣ ምርጥና ጎንዚዬ የተባሉት፣ ከሩቅ ሲታዩ የአንድ እናት ልጆች ይመስላሉ። ከዚህም የተነሣ ገዥው አንዳንድ ጊዜ በስሙ፣ አንዳንድ ጊዜም በዋጋው ማነስ ብቻ ይመርጣል። ምርጫው ከቦታው ጋራ ያልተስማማ እንደ ሆነ አዲሱ ምድጃ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ተሰብሮ ከአጥር ሥር ይጣላል፤ እመቤቲቱም ወደ ቀድሞው ጉልቻ ትመለሳለች። ያን ጊዜ ገንዘቡም እንጨቱም በአንድነት ጠፋ ማለት ነው።

ሁለቱ የሚመሳሰሉበት

የእንጀራ ምጣድ ስፋቱ ከ55 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ስለ ሆነ ብዙ እሳት ይፈልጋል። በጉልቻ ላይ በተጣደ ጊዜ ነበልባሉ በየጎኑ እየወጣ ይባክናል፤ ነፋስም ወዲያና ወዲህ ያነዋውጠዋል። ምርጥም ሆነ ጎንዚዬ የምጣዱን ዙሪያ በግድግዳ ይከባሉ፤ ከፊት እንጨት የሚገባበት አፍ፣ ከኋላም ጭስ የሚወጣበት በር አላቸው። ሙቀቱ እንዲህ ተከቦ በምጣዱ ሥር ስለሚቈይ ባነሰ እንጨት ብዙ እንጀራ ይጋገራል። ሁለቱም በየክፍሉ ተሠርተው በቤት ውስጥ የሚገጣጠሙ ናቸው።

ምርጥ የተባለው በ1980ዎቹ ዓ.ም. በኢትዮጵያ በማዕድንና ኢነርጂ ሚኒስቴር ሥር ተጠንቶ የወጣ ሲሆን፣ በ1990ዎቹ ደግሞ የጀርመን የቴክኒክ ትብብር ድርጅት ከግብርና ሚኒስቴር ጋራ ሆኖ በየገጠሩ እንዲስፋፋ ደክሟል። በመጀመሪያ የተደረጉት ሙከራዎች ከጉልቻ ጋራ ሲነጻጸር የእንጨቱን ግማሽ ያህል እንደሚያተርፍ አሳይተው ነበር። በ2007 ዓ.ም. በዓለም ባንክ የታተመ ጥናት ግን፣ በገጠር ቤቶች ውስጥ ምድጃው በእውነት በሥራ ላይ የዋለበትን ጊዜ በመሣሪያ ለክቶ፣ አንድ ምርጥ ምድጃ በዓመት 634 ኪሎ ግራም ያህል እንጨት እንደሚያድን አግኝቷል። ይህም ቀድሞ ይገመት ከነበረው ግማሽ ያህል ነው።

ከዚህ ሁለት ትምህርት ይገኛል። አንደኛው፣ ቍጥሩ ቢቀንስም ጥቅሙ ትንሽ አለመሆኑ ነው፤ 100 ቤቶች ምድጃቸውን ቢይዙ በዓመት 634 ኩንታል እንጨት ይተርፋልና። ሁለተኛው፣ ትርፉ የሚገኘው ከምድጃው ስም ሳይሆን ምድጃው ደኅና ሆኖ ዘወትር ከመሥራቱ መሆኑ ነው። ተሰብሮ የተቀመጠ ምድጃ አንዲት ጭራሮ እንኳ አያድንም።

ሁለቱ የሚለያዩበት

ምርጥ የሚሠራው ከሲሚንቶና ከእሳተ ገሞራ ከወጣ ቀላል፣ ቀዳዳ ቀዳዳ ካለው ድንጋይ ነው። ድንጋዩ ደቅቆ ከሲሚንቶ ጋራ ይለወስና በብረት ቅርጽ ይመታል። በድንጋዩ ቀዳዳ ውስጥ ያለው አየር ሙቀቱ ቶሎ ወደ ውጭ እንዳይወጣ ይከለክላል። ምድጃው 6 ክፍል አለው፤ 4ቱ ምጣዱን የሚከብቡ፣ 2ቱ በስተ ኋላ በጭሱ መውጫ ላይ ተጋጥመው ድስት የሚያስቀምጡ ናቸው። ስለዚህ እንጀራው ሲጋገር በትራፊው ሙቀት ውሃ ይሞቃል፤ ወጥም ይበስላል።

ጎንዚዬ ከሸክላ አፈር ተሠርቶ በእሳት የሚተኰስ ነው። የሚሠሩትም ምጣድና ጀበና የሚሠሩት ሸክላ ሠሪዎች ራሳቸው ናቸው። ሲሚንቶም ፋብሪካም አይፈልግም። ሸክላ ግን በመንገድ ላይ ሲንገላታና በከባድ ነገር ሲመታ ቶሎ ይሰነጠቃል፤ እርጥብ ሳለ በችኰላ የተተኰሰም እንደ ሆነ ዕድሜው አጭር ነው። ለመተኰሻው ደግሞ እንጨት ወይም ኩበት ይፈጃል። የተሰበረው ገል በበኩሉ ዋጋ የሌለው አይደለም፤ ሸክላ ሠሪዋ ወቅጣ ከአዲሱ ጭቃ ጋራ ትቀላቅለዋለች።

እንግዲህ በጥንካሬ ምርጥ ይበልጣል፤ በቅርብ በሚገኝ አፈርና እጅ በመሠራት ደግሞ ጎንዚዬ ይበልጣል።

የትኛው ለየትኛው ስፍራ

1ኛ፤ በስምጥ ሸለቆ አጠገብ ወይም ቀላሉ ድንጋይ በሚገኝበት አገር፣ የመኪና መንገድና የሲሚንቶ ገበያም ባለበት፣ ምርጥ ይሻላል። እንዲሁም በየቀኑ ለብዙ ሰው እንጀራ ለሚጋገርበት ቤት፣ ለትምህርት ቤትና ለጠላ ወይም ለምግብ ነጋዴ ጠንካራው ይመረጣል።

2ኛ፤ ሲሚንቶ ከሩቅ በሚመጣበት፣ ጭነትም በአህያና በሰው ጀርባ ብቻ በሚገባበት ቈላና ተራራ፣ ጥሩ ሸክላ ሠሪዎችም በአቅራቢያ ባሉበት ጎንዚዬ ይሻላል። ምጣድ ወደ ወረዳው የሚመጣበት መንገድ ለጎንዚዬም መንገድ ነው። ምጣዱ ከሩቅ ገበያ የሚመጣ ከሆነ ግን ጎንዚዬም በጕዞው እንደ ምጣዱ ይሰበራልና ይህ ምክር አይሠራም።

3ኛ፤ ቀድሞ ምርጥ የነበረው ቤት ከ6ቱ አንዱ ክፍል ብቻ ቢሰበርበት ሙሉ ምድጃ መግዛት ብክነት ነው። ሠሪው በቅርብ ካለ አንዱን ክፍል ብቻ በዚያው ልክ ማሠራት ይቻላል። ልኩ ከሌላ ቅርጽ የመጣ እንደ ሆነ ግን መጋጠሚያው ይከፈታልና የቀድሞው ቅርጽ ይፈለግ።

ሲገዛ የሚመረመር

ከሁሉ በፊት የቤቱ ምጣድ ይለካ። ምጣዱ ከምድጃው አፍ ቢጠብብ ወደ ውስጥ ይወድቃል፤ ጫፉ ሳይገጥም ቢቀርም ነበልባሉ በክፍተቱ ይወጣና የተዘጋው ምድጃ ከጉልቻ የማይሻል ይሆናል። የምርጥ ግድግዳ በጥፍር ሲፋቅ እንደ አሸዋ የሚረግፍ ከሆነ ሲሚንቶው አንሷል፣ ወይም ከቅርጹ ከወጣ በኋላ ውሃ ሳይጠጣ በፀሐይ ደርቋል ማለት ነው። ጎንዚዬ በጣት ሲመታ ጥርት ያለ ድምፅ ቢሰጥ በደኅና ተተኵሷል፤ የደፈነ ድምፅ ቢሰጥ ስንጥቅ ወይም ያልበሰለ ስፍራ አለበት። ክፍሎቹም በገበያው ላይ ሳሉ በደልዳላ መሬት ተገጣጥመው ይታዩ፤ ቤት ከደረሱ በኋላ አለመግጠማቸውን ማወቅ ለገዥው ጸጸት ብቻ ነው።

ሲተከልና ሲያዝ

ምድጃው የሚቀመጥበት መሬት የተስተካከለ ይሁን፤ ያለዚያ ምጣዱ ያዘነብላል፤ ሊጡም ወደ አንድ ወገን ይፈስሳል። መጋጠሚያዎቹ በጭቃ ይመረጉ። እንጨቱ ደረቅና የተፈለጠ ይሁን፤ አመዱም በየጊዜው ይጠረግ። በትኵስ ግድግዳ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መርጨት ሁለቱንም ያሰነጥቃል። ግድግዳው መጀመሪያ ሲሞቅ ብዙ ሙቀት ስለሚጠጣ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ከመጋገር ይልቅ በአንድ ጊዜ ብዙ መጋገር ይጠቅማል።

ሁለቱም ጭስን ያሳንሳሉ እንጂ አያጠፉም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚያመለክተው በ2020 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በቤት ውስጥ ጭስ ምክንያት በዓለም ሁሉ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ሞተዋል። ስለዚህ ማድ ቤቱ መስኮትና የጭስ መውጫ ይኑረው፤ ሕፃንም በጀርባ ታዝሎ በምድጃው ፊት አይዋል።

የሹም ድርሻ

ምድጃ ማከፋፈል ቀላል ነው፤ ከማከፋፈሉ በኋላ ያለው ግን ጥበቃ ይፈልጋል። የወረዳው ሹም ከመግዛቱ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቅ፤ የሚሠራው ማን ነው፣ ከቤቶቹ ምን ያህል ይርቃል፣ አንድ ክፍል ሲሰበር ለብቻው ይሠራልን? ደግሞም በግዢው ጊዜ ለትርፍ የሚሆኑ ጥቂት ክፍሎች አብረው ይገዙ። በዓመቱም ስንት ምድጃ እንደ ተሰጠ ብቻ ሳይሆን ስንቱ እንደሚሠራ ቤት ለቤት ተቈጥሮ ይጻፍ። በዚህ ቈጠራ ውስጥ የጋጋሪዋ ቃል ይሰማ፤ ምድጃውን የምታውቀው እሷ ናትና።

የሸክላ ሠሪዎች ጉዳይ ለብቻው ሊታሰብ ይገባል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ሥራ የሚሠሩትን ሰዎች መስደብ የሚከለክል አዋጅ ማውጣታቸው የታወቀ ነው። አፈር የሚቈፍሩበት ስፍራ የተከለከለባቸው ሸክላ ሠሪዎች ግን ክብር በቃል ብቻ ቢሰጣቸው ምድጃ ሊሠሩ አይችሉም። የሸክላ አፈር ያለበትን ቦታ ለይቶ ለእነርሱ መፍቀድ፣ በገበያም ቀን ጥላ ያለው ስፍራ መስጠት፣ ለሹሙ ብዙ ወጪ የሌለበት ለአገሩ ግን ብዙ ጥቅም ያለው ሥራ ነው።

በአጭሩ፣ ሁለቱም ምድጃዎች ለሚስማማቸው ስፍራ መልካሞች ናቸው። ምርጫው በሚያጠራጥርበት ጊዜ ሹሙ የሚይዘው ደንብ አንድ ነው፤ ሰባሪው ዘወትር በቤት አለና፣ ጠጋኙ በቅርብ የሚገኝለት ምድጃ ይመረጥ።