ከፑኝዶ ሜዳ እስከ ደጋው ሰማይ፤ የአይሮፕላን መሪዎች መርገብገብ

በገዛ እጁ ትንሽ አይሮፕላን ለመሥራት የተነሣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጨነቀው ስለ ሞተሩ ነው። በአገራችንም ነገሩ እንዲሁ ሆኖ ቆይቷል። በ1928 ዓ.ም. ጀርመናዊው መሐንዲስ ሉድቪግ ቬበር አዲስ አበባ ላይ ስለ ሠራት፣ ኢጣልያኖች ወስደዋት በጥር 2016 ዓ.ም. ወደ አገሯ ስለ ተመለሰችው «ፀሐይ» ሲነገር፣ ወይም በ2007 ዓ.ም. አቶ አስመላሽ ዘፈሩ በፎልክስዋገን ሞተር ስለ ሠሩት አይሮፕላን ሲወራ፣ ሰሚው አስቀድሞ የሚጠይቀው «ሞተሩ ስንት የፈረስ ጉልበት አለው?» ብሎ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን ሞተር ቢጠፋ አይሮፕላኑ እንደ ጭልፊት ተንሳፎ ሊወርድ ይችላል፤ መሪው መርገብገብ ከጀመረ ግን በጥቂት ሴኮንዶች ውስጥ ጭራው ሊገነጠል ይችላል። ባለሙያዎች ፍላተር የሚሉት ይህ ነው።

መሪ የምንላቸው ሦስት ናቸው፤ በክንፎቹ ጫፍ አጠገብ ያሉት ኤለሮኖች፣ አፍንጫውን ከፍና ዝቅ የሚያደርገው ኤሌቬተር፣ ወደ ቀኝና ወደ ግራ የሚያዞረው ራደር። ሦስቱም እንደ በር በማጠፊያ የተንጠለጠሉ ናቸው። አንድ ምስማር የወለቀበት የጣራ ቆርቆሮ በነፋስ ቀን ምን እንደሚያደርግ ሁላችንም አይተናል። ነፋሱ ለስላሳ ሲሆን ዝም ይላል፤ ነፋሱ ከአንድ ልክ ሲያልፍ ይንቀጠቀጣል፤ ከዚያ በኋላ በየምቱ ጉልበት እየጨመረ የቀሩትን ምስማሮች ሁሉ ይነቅላል። ምሳሌው ፍጹም ባይሆንም ዋናውን ነገር ያሳየናል፤ ይኸውም ጉልበቱን የሚሰጠው ራሱ ነፋሱ መሆኑን ነው።

በአይሮፕላኑ ላይ አካሄዱ እንዲህ ነው። የመሪው ክብደት ከማጠፊያው በስተኋላ ቢያይል፣ ጭራው በአንድ ንዝረት ወደ ላይ ሲሄድ መሪው ከክብደቱ የተነሣ ወደ ኋላ ይቀርና ወደ ታች ይታጠፋል። ወደ ታች የታጠፈ ኤሌቬተር ደግሞ ጭራውን ይብሱን ወደ ላይ ይገፋዋል። ጭራው ተለጥጦ ሲመለስ ነገሩ ተገልብጦ ይደገማል። ፍጥነቱ ዝቅተኛ ሲሆን አየሩ ንዝረቱን ያበርደዋል፤ ከአንድ ፍጥነት በላይ ግን ያው አየር ይመግበዋል።

ይህን ዓለም የተማረው በብዙ ኪሣራ ነው። በ1916 እ.ኤ.አ. የእንግሊዞቹ የሃንድሊ ፔጅ ባለ ሁለት ሞተር ቦምብ ጣይ ጭራው በኃይል ሲንቀጠቀጥ፣ ላንቸስተር የተባለው መሐንዲስ መርምሮ የግራውና የቀኙ ኤሌቬተር ለየብቻ መወዛወዛቸውን አገኘና በጠንካራ ቧንቧ እንዲያያዙ መከረ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የሆላንድ ሰዎች ፎን ባውምሃወርና ኮኒንግ ሌላውን መድኀኒት አሳዩ፤ ከማጠፊያው በስተፊት የእርሳስ ክብደት ማሰር። ነገሩ ያኔ አልቆለት ቢሆን ኖሮ እኛም ባልጻፍን ነበር። ብዙ ሰው በየቤቱ የሚገጣጥመው ዞዲያክ 601 ኤክስ ኤል የተባለው አይሮፕላን በተደጋጋሚ በአየር ላይ ስለ ተሰባበረ፣ በሚያዝያ 2009 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ በኤለሮኖቹ መርገብገብ ምክንያት እንዳይበር ይታገድ ሲል አሳሰበ። ኤለሮኖቹ የሚዛን ክብደት አልነበራቸውም፤ የካቦዎቹ ውጥረትም ትልቅ ነገር ሆኖ ተገኘ።

እንግዲህ መሪው ዘንግ በእጅ ውስጥ ነዘረ እንበል። አስቀድሞ የንዝረቱን ዓይነት መለየት ያስፈልጋል። ሞተሩ በፈጠነና በዘገየ ቁጥር የሚለዋወጥ ከሆነ ምክንያቱ ሞተሩ ወይም ውልብልቢቱ ነው። በዝቅተኛ ፍጥነት፣ አፍንጫው ቀና ባለ ጊዜ የሚመጣው መንገጫገጭ ክንፉ አየሩን መልቀቁን የሚያሳይ ነው። የሞተሩ ዙር ምንም ይሁን፣ ከአንድ የበረራ ፍጥነት በላይ የሚነሣውና ፍጥነቱ ሲቀንስ የሚጠፋው ግን በመርገብገብ ይጠረጠራል። «እስኪ ትንሽ ጨምሬ ልየው» የሚል አብራሪ ምርመራውን ለሌላ ሰው ትቶ ይሄዳል። ምርመራው የሚደረገው በምድር ላይ ነው፤ ዋናው መሣሪያም የገበያ ሚዛን ነው።

መሪው ከቦታው ይፈታና በማጠፊያዎቹ ላይ በነፃ እንዲዞር ሆኖ አግድም ይያዛል፤ የኋላ ጠርዙ በሚዛን ላይ ያርፋል። ሚዛኑ 400 ግራም ቢያሳይና ጠርዙ ከማጠፊያው 30 ሳንቲ ሜትር ቢርቅ፣ ብዜቱ 12 ኪሎ ግራም በሳንቲ ሜትር ነው። ከማጠፊያው ፊት ለፊት በ20 ሳንቲ ሜትር ርቀት የሚታሰረው እርሳስ ስለዚህ 600 ግራም ይሆናል። ይህ ስሌት ግን የሚያገለግለው መሪው እንዳለ እስከ ቆየ ድረስ ነው። አይሮፕላኑን ለማሳመር ሁለተኛ ቀለም የቀባ ሰው ሚዛኑን አፍርሷል። በፑኝዶ ክረምት ጎማው የሚረጨው ጭቃ በኤሌቬተሩ ውስጥ ገብቶ ቢደርቅ፣ ወይም ጭቃ የምትሠራ ተርብ በውኃ ማፍሰሻው ቀዳዳ ገብታ ጎጆዋን ብትሠራ፣ ጠርዙ ላይ ያረፈ 100 ግራም ብቻ ፊት ለፊት 150 ግራም እርሳስ ይጠይቃል። በጊሎ ወንዝ አገር አይሮፕላን የሚያኖር ሰው እነዚያን ቀዳዳዎች በየማለዳው በሽቦ ቢወጋ ሥራ አልፈታም።

ከሚዛኑ ቀጥሎ ልልነት ይታያል። ዘንጉን አንድ ሰው አጥብቆ ይይዛል፤ ሌላው የመሪውን ጠርዝ በሁለት ጣት ይነቀንቃል። የተበላ ማጠፊያ፣ የላላ ብሎንና ዳዶ፣ ከሁሉም ይልቅ የትንሿ የትሪም ታብ መገናኛ በዚህ ይጋለጣሉ። ታቧ ትንሽ ስለ ሆነች ብዙዎች ይንቋታል፤ ትልቁን ኤሌቬተር ይዛው የምትሄደው ግን እርሷ ናት።

አሁን ወደ ራሳችን አገር ችግር እንግባ፤ በውጭ አገር መጻሕፍት ዳር ላይ የሚቀር ነውና። አንድ ባልንጀራችን አይሮፕላኑን ፑኝዶ ላይ ሠርቶ፣ በዚያው ዝቅተኛ ሜዳ ላይ የፍጥነት መለኪያው 150 ኪሎ ሜትር በሰዓት እስኪያሳይ ድረስ በርሮ አንዳች ንዝረት አላገኘም እንበል። ከዚያ በኢሉባቦር በኩል ወደ አዲስ አበባ ቢመጣና መርፌው ያው 150 ላይ ቢሆን፣ ፍጥነቱ ያው ነውን? አይደለም። መለኪያው የሚያነበው የአየሩን ግፊት ነው፤ አየሩ ሲሣሣ ትክክለኛው ፍጥነት ከመርፌው ይበልጣል። ትክክለኛውን ለማግኘት 1.225 ለአየሩ እፍጋት ይካፈላል፤ የውጤቱ ስኩዌር ሩት በመርፌው ንባብ ይባዛል። ፑኝዶን 450 ሜትር ከፍታ፣ ሙቀቱን 35 ዲግሪ ብንወስድ፣ 150 ማለት 159 ነው። በ3,600 ሜትር ከፍታ፣ በ5 ዲግሪ ቅዝቃዜ ግን ያው 150 ማለት 184 ይሆናል። መርገብገብ ደግሞ ከመርፌው ይልቅ ትክክለኛውን ፍጥነት ይከተላል፤ የሚያበርደውም አየር በዚያ ላይ ሣስቷል። ልጁ የሞከረው እስከ 159 ብቻ ስለ ሆነ፣ በዚያ ከፍታ ላይ መርፌው ከ130 እንዲያልፍ መፍቀድ የለበትም።

በዚህ ላይ የካቦው ነገር አለ። 5 ሜትር ርዝመት ያለው የአሉሚኒየም አካል ሙቀቱ በ30 ዲግሪ ሲወርድ፣ በውስጡ ካለው የብረት ካቦ ይልቅ አንድ ሚሊ ሜትር ተኩል ያህል አብልጦ ያጥራል፤ ካቦውም ይላላል። በፑኝዶ ቀትር የተወጠረ ካቦ ፍጥነቱ በጨመረበት በዚያው ሰማይ ላይ ይረግባል ማለት ነው። የእንጨት አካል ግን ተቃራኒውን ያደርጋል፤ ካቦው በብርድ ይብሱን ይወጠራል። የእንጨት አይሮፕላንን እንደ ድሮ ነገር የሚያዩ ጓደኞቻችን ይህን ቢያስቡበት ደስ ይለናል።

ይህ ሁሉ ተደርጎ መሪው በአየር ላይ ቢነዝር፣ አብራሪው ጋዙን ወዲያው ይቀንሳል፤ ዘንጉን አጥብቆ ይይዛል፤ አፍንጫውን በዝግታ ቀና ያደርጋል እንጂ በድንገት አይጎትትም። ንዝረቱ ቢቆምም በዝቅተኛ ፍጥነት ቅርብ ወደ ሆነው ሜዳ ይወርዳል። ከወረደም በኋላ ማጠፊያዎቹና የጭራው ሥር ስንጥቅ እንዳላቸው በማጉያ መነጽር ሳይታዩ፣ መሪዎቹም ተፈተው እንደ ገና ሳይመዘኑ፣ ሞተሩ አይነሣም።