የጉዞ ድርሰትና የቦዝ አንቀጽ አገባብ

ስለ ጉዞ ጻፉ ሲባል ብዙዎቻችሁ የምትጀምሩት ከመኝታ በመነሣት ነው። ፊት መታጠቡ፣ ቁርስ መብላቱ፣ መኪና መሳፈሩ በተራ ይደረደራል፤ ድርሰቱ ከታሰበው ስፍራ ሲደርስ ግን ወረቀቱ ያልቃል። የተሄደው ዘመድ ለመጠየቅ ከሆነ ጉድለቱ ይብሳል፤ አንባቢ መንገዱን አውቆ ሰውየውን ሳያውቅ ይቀራልና።

ለምሳሌ እንዲሆነን፣ አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ በመጋቢት ወር 2017 ዓ.ም. ከአምቦ ተነሥታ በአዲስ አበባ ምዕራባዊ ክፍል፣ በቀራንዮ የምትኖር ታላቅ እኅቷን ልትጠይቅ ሄደች እንበል። የመጀመሪያው ረቂቋ እንዲህ ይላል፦

«ዓርብ ከትምህርት ቤት ወጥቼ፣ ልብሴን ቀይሬ፣ እናቴ የሰጠችኝን ሽሮና በርበሬ ይዤ፣ መናኸሪያ ሄጄ፣ ቲኬት ቆርጬ፣ አውቶቡስ ተሳፍሬ፣ ጊንጪን፣ አዲስ ዓለምን፣ ሆለታንና ቡራዩን አልፌ፣ አስኮ ደርሼ፣ ታክሲ ይዤ ቀራንዮ ገባሁ። እኅቴም ተቀበለችኝ። እጅግ ደስ አለኝ።»

በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ውስጥ «ወጥቼ» ከሚለው አንሥቶ ዘጠኝ ቦዝ አንቀጾች አሉ። ቦዝ አንቀጽ ድርጊትን ይናገራል እንጂ ብቻውን ዓረፍተ ነገር አይዘጋም፤ «ገባሁ» የሚለውን ማሰሪያ አንቀጽ ይጠብቃል። ሰዋስዋዊ ስሕተት የለበትም። ነገር ግን ዘጠኙም ድርጊቶች እኩል ተራ ይዘው ስለ ተሰለፉ፣ ቲኬት መቁረጡና ከእኅት ቤት መግባቱ በአንድ ሚዛን ተመዘኑ። «እጅግ ደስ አለኝ» የሚለውም ምክንያቱ ስላልታየ ባዶ ሆነ።

ሁለተኛው ረቂቅ የሚከተለው ነው፦

«ቡራዩን ስናልፍ መሽቶ ነበር። እትዬ በስልክ ‹ቤቴ ሰፊ ነው፤ ምንም አልጎደለብኝም› ስትለን ዓመት አልፏታል። ቤቱ አንዲት ክፍል ነው። አንድ አልጋ፣ አንድ ምድጃ፣ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ልብስ። እራት ከበላን በኋላ አልጋውን ለእኔ ለቀቀችልኝ፤ እርሷ ወለሉ ላይ ሰሌን ዘርግታ ተኛች።

‹እትዬ፣ አንቺስ?› አልኳት።

‹እኔ እዚህ ይሻለኛል። አልጋ ላይ ስተኛ ወገቤን ያመኛል።›

መብራቱን አጠፋች። እኔ ግን አልተኛሁም።

በማግሥቱ መጋቢት 27 ቀን ነበርና ቀራንዮ መድኃኔ ዓለም ሄድን። ጫማዋን ስታወልቅ ተረከዙን አየሁት፤ በአንድ ጎን አልቋል። የእኔ የደብተርና የደንብ ልብስ ገንዘብ በየመስከረሙ የሚመጣው ከእርሷ ነው።

እሑድ ስትሸኘኝ ‹ለእማዬ ምን ልበላት?› አልኳት። ነጠላዋን አስተካክላ ጥቂት ዝም አለች።

‹ቤቷ ሰፊ ነው በያት› አለችኝ።»

አሁን አምቦ መናኸሪያ፣ ጊንጪ፣ ሆለታ ወጥተዋል፤ ከመንገዱ የቀረው ቡራዩ ብቻ ነው፤ እርሱም መምሸቱን ለመንገር። «መሽቶ ነበር» በሚለው ውስጥ «መሽቶ» ቦዝ ቢሆንም «ነበር» ከሚለው ረዳት ግሥ ጋር ተጣምሮ ማሰሪያ ለመሆን በቅቷል። «አልተኛሁም» እና «አየሁት» ለየብቻቸው ማሰሪያ ሆነው መምጣታቸውንም ልብ በሉ፤ አንባቢ በየአንዳንዱ ላይ ቆም እንዲል ያደርጉታል።

ከሁሉ ይልቅ «ነጠላዋን አስተካክላ ጥቂት ዝም አለች» የሚለውን ተመልከቱ። ቦዙ ትንሹን ድርጊት፣ ማሰሪያው ትልቁን ይዟል፤ ትልቁም ዝምታዋ ነው። ተገልብጦ «ጥቂት ዝም ብላ ነጠላዋን አስተካከለች» ቢባል ግን ነጠላው ዋና ነገር ይሆንና ዝምታው ከኋላ ይቀራል። የተነገሩት ድርጊቶች እነዚያው ናቸው፤ ክብደታቸው ግን ተለዋወጠ።

ተማሪዋ ስለ ቦታው ስም ታውቅ ይሆናል። ቀራንዮ የተባለው ራስ ቅል ከሚል የግሪክ ቃል የመጣ ሲሆን ክርስቶስ የተሰቀለበት ስፍራ መጠሪያ ነው። መጋቢት 27 ቀንም የስቅለቱ መታሰቢያ ነው፤ በዐቢይ ጾም ውስጥ ስለሚውል በዓሉ ጥቅምት 27 ቀን በድምቀት ይከበራል። ይህ መልካም እውቀት ነው። ሆኖም በደጁ ላይ ቆማ ይህን ብትተርክ አንባቢ ጫማውን ይረሳው ነበር። ቀኑን ብቻ ጠቅሳ ማለፏ ተገቢ ነው፤ የስሙ ታሪክ ለሌላ ድርሰት ይቆያል።

መልመጃ

1. ከመጀመሪያው ረቂቅ ቦዝ አንቀጾቹን አውጥታችሁ በሦስተኛ መደብ፣ ነጠላ ቁጥር፣ አንስታይ ጾታ ጻፉ። (ምሳሌ፦ ወጥቼ — ወጥታ)

2. የሚከተለውን ዓረፍተ ነገር ቦዙን ማሰሪያ፣ ማሰሪያውን ቦዝ በማድረግ ጻፉ፤ የትርጉሙንም ልዩነት አስረዱ፦ «እናቴ ሻንጣዬን ተቀብላ አለቀሰች።»

3. ተማሪዋ እሑድ ማታ አምቦ ስትደርስ እናቷ «የእኅትሽ ቤት እንዴት ነው?» ብላ ጠየቀቻት። ተማሪዋ የመለሰችውንና እናቷ ያደረገችውን ከአሥር በማይበልጡ ዓረፍተ ነገሮች ጻፉ። «አዘነች» እና «ደስ አላት» በሚሉት ቃላት አትጠቀሙ።